የቆላ አበባ በደጋ በረንዳ

የመጀመሪያዋ የበረሃ ጽጌረዳዬ የሞተችው ሐምሌ 2009 ላይ ነው። ጠዋት ቡናዬን ይዤ በረንዳ ወጣሁና ያበጠውን የግንዷን ሥር በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጣቴ ሰመጠ። ውስጧ እንደበሰበሰ ድንች ሟሙቶ ነበር፤ ሽታውም የዚያው ዓይነት ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ ቅጠሏ ሲረግፍ «ውኃ ጠምቷት ነው» እያልኩ በየጠዋቱ አንድ ጣሳ ስገለብጥባት ከርሜያለሁ።

ያመጣኋት ከድሬዳዋ፣ ከአክስቴ ቤት ነበር። አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጫት፣ ኩርባው በመጣ ቁጥር በሁለት እጄ አቅፌያት ነው የገባሁት። አክስቴ ዘንድ እናቲቱ በግማሽ በርሜል አሸዋና ጠጠር ውስጥ በሩ ላይ ቆማ፣ ፀሐይ ሲያቃጥላት እየዋለች፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ሮዝ አበባ ታፈሳለች። መሞቷን ደውዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ የምታብብልኝ ውኃ ማጠጣቱን ስረሳው ነው» አለችኝ።

ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ሁለት ወንበር ከተቀመጠባት መተላለፊያ የላትም፤ ውኃም የሚመጣው በፈረቃ ነው። ከዚያች ሐምሌ ወዲህ ባሉት ዓመታት ብዙ ገድያለሁ፣ ጥቂት አብቦልኛል። እንደኔ ዓይነት ቤት ውስጥ የሞቃት አገር አበባ በማሰሮ ሊሞክር ለሚያስብ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

የበረሃ ጽጌረዳ ስሟ ነው እንጂ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የላትም። የእጽዋት ስሟ አዴኒየም ነው፤ ፍራንጂፓኒ ከሚባለው የሞቃት አገር የአበባ ዛፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከውጭ የመጣች የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች ገጥመውኛል፤ አገሯ ግን የራሳችን ቆላ ነው፦ አፋር፣ ሶማሌ፣ ቦረና፣ ኦሞ። ባሕር ተሻግራም የመን ድረስ ትገኛለች። እዚህ እንግዳ ያደረጋት ከፍታው ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 2,400 ገደማ። ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል ይባላል፤ እኔም ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ በረንዳው ላይ ሰቀልኩና ታኅሣሥ ውስጥ ንጋት 12 ሰዓት ላይ 7 ዲግሪ ሲያሳየኝ አየሁ። ይቺ ተክል ከ12 ዲግሪ በታች መኖሩን አትወደውም። ቅጠሏን አራግፋ ትተኛለች። የተኛ ተክል ደግሞ አይጠጣም፤ የሚጨመርለት ውኃ ሁሉ ሥሩ ላይ ቆሞ ያበሰብሰዋል።

ይህን ሁሉ ከማወቄ በፊት ከውጭ አገር ቪዲዮ ነበር የምማረው። «በዊንተር ውኃ ቀንሱ» ይላሉ። ትምህርት ቤት ዊንተር ማለት ክረምት ነው ብለው አስተምረውን የለ? የእነሱ ብርድና ጨለማ አብረው ይመጣሉ፤ የእኛዎቹ ግን ተለያይተው ነው የሚመጡት። ጨለማውና እርጥበቱ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የሌሊቱ ብርድ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል። ስለዚህ የቆላ ተክል አዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናል። አሁን ሁለቱንም ጊዜ ለይቼ ነው የምይዘው፦ በክረምት ዝናብ ከማይደርስበት ግድግዳ አስጠግቼ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ጉንጭ ታህል ውኃ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ማታ ማታ ወደ ቤት አስገብቼ፣ በወር አንዴ ብትጠጣ ባትጠጣ። እውነተኛው የእድገት ጊዜ የካቲት ላይ ይጀምርና ግንቦት ድረስ ይሄዳል። ያኔ በየአራት ቀኑ አጠጣለሁ፤ ያኔ ብቻ ነው ማዳበሪያም የምሰጠው። አንድ ዓመት ዩሪያ ሰጥቻት የጎመን ማሳ የመሰለ ቅጠል አወጣች፤ አበባ ግን አንድም አልነበረም።

የፀሐዩን ነገር የገባኝ በሦስተኛው ዓመት ነው። በረንዳዬ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐዩ ወለሉን አልፎ ሶፋው ድረስ ይገባል። ሚያዝያ ሲገባ ግን ቀስ በቀስ ይሸሽና እስከ ግድግዳው ሥር ድረስ ጥላ ይሆናል። መጀመሪያ ፊት ለፊት የሚሠራው ሕንፃ ጋርዶኝ መስሎኝ ስንት ቀን ተናድጃለሁ። ሕንፃው ምንም አላደረገም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የምታልፈው ከአናታችን በስተሰሜን በኩል ነው። የደቡብ በረንዳ በእነዚያ ወራት ፊት ለፊት የሚመታው ፀሐይ የለም፤ የሰሜን በረንዳ ደግሞ በተቃራኒው በበጋው ጥላ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ጽጌረዳዎቹን ሚያዝያ ላይ ወደ ማድ ቤቱ የሰሜን መስኮት እወስዳቸዋለሁ። ምስር የምለቅምበት ቦታ ጠበበብኝ እንጂ አበባው በእጥፍ ጨመረ። ቤት የምትከራዩ ከሆነ በረንዳው ወዴት እንደሚያይ በስልካችሁ ኮምፓስ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ አፈሩ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ገንዘብ ያባከንኩት እዚህ ላይ ስለሆነ። ችግኝ የሚሸጡት ልጆች የሚሰጡት ጥቁር አፈርና ፍግ ነው። ለጎመንና ለጤና አዳም እሰየው ነው። በማሰሮ ውስጥ ግን ዋልካ አፈር ሲርስ ጭቃ፣ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል። መፍትሔውን ያገኘሁት ከሰፈራችን ብሎኬት ማምረቻ ነው። ብሎኬት የሚሠሩበት ያ ቀላል፣ ግራጫ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠጠር ፑሚስ ነው፤ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ውጭ አገር በትንሽ በትንሽ ከረጢት ለአበባ ወዳጆች የሚሸጠው ይኸው ነው። ልጁን «ወንድሜ፣ አንድ ማዳበሪያ ብትሞላልኝ» ስለው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ለአበባ» ስለው ለጓደኛው የሆነ ነገር አንሾካሾከና ሁለቱም ሳቁ፤ ገንዘብ ግን አልተቀበለኝም።

ቤት ወስጄ በወንፊት እነፋዋለሁ፤ ዱቄቱን እጥላለሁ፣ ሽንብራና ባቄላ የሚያህለውን እይዛለሁ። ለበረሃ ጽጌረዳ ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ ግማሽ እጅ ቀይ አፈር። ፑሚስ ካጣችሁ መንገድ የሚደለድሉበት ሬድ አሽም ይሆናል፤ ክብደቱ ግን አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲሸከሙት ያስታውቃል። ማሰሮ ሥር ጠጠር መደርደር ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ እኔ ትቼዋለሁ። ውኃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ቆሞ ይቀራል እንጂ ቶሎ አይወርድም። ቀዳዳው አፈር እንዳያፈስ አንዲት ገል ትበቃለች። ባለቀለም የሸክላ ማስቀመጫ ውድ ነው፤ የቀለም ባልዲ ሥሩን በጋለ ምስማር ስምንት ቦታ በስቼ እጠቀማለሁ። ሲያዩት አያምርም። ተክሏ ስታብብ ግን ባልዲውን የሚያይ የለም።

ውኃ መጠማቷን ለማወቅ አፈሩን ከላይ መንካት ያሳስታል። እኔ ባልዲውን ከፍ አድርጌ እመዝነዋለሁ። የጠጣ ባልዲና የደረቀ ባልዲ ክብደታቸውን ክንዴ በአንድ ወር ውስጥ ለመደው።

ሁለተኛዎቹን ጽጌረዳዎች ያሳደግሁት ከዘር ነው። ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልም ይቻላል፤ ግን ከቅርንጫፍ የወጣችው ያንን ያበጠ ሥር እንደዘሯ አታወጣም፤ ውበቷ ደግሞ እሱ ነው። አክስቴ እንደ ፍየል ቀንድ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚበቅለውን ፍሬ ከመሰንጠቁ በፊት በክር ጠምጥማ ላከችልኝ። ካልታሰረ ይፈነዳና ዘሩን ነፋስ ይበትነዋል፤ እያንዳንዱ ዘር በሁለቱም ጫፍ ወርቃማ ጸጉር አለው፣ ለመብረር ነው የተሠራው። ክሩን ሳሎን ውስጥ ስፈታው ጸጉሩ አየር ላይ ተነሥቶ መጋረጃው ላይ ተለጠፈ፤ ግማሹን ዘር ከምንጣፍ ላይ ለቀምኩት። 12 ዘርቼ ፍሪጁ አናት ላይ፣ ሞቅ የሚለው ቦታ ላይ አስቀመጥኩ። በሰባተኛው ቀን ዘጠኙ በቀሉ። አምስቱ ናቸው እስከ ዛሬ ያሉት። በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያዋ አበባ ወጣች፤ ዳር ዳሯ ደማቅ ሮዝ፣ መሐሏ ነጣ ያለ። አፈር በቀየርኩ ቁጥር ሥሩን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጌ ነው የምተክላት፤ ያበጠው ክፍል እየተገለጠ የሚሄደው በዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጅ ያላችሁ አትርሱ። ስትቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት መርዝ ነው፤ የልብ ምትን የሚያዛባ ነገር አለበት፣ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ለፍላጻ መርዝ ይጠቀሙበት ነበር። ስገርዛት ጓንት አደርጋለሁ፣ ቢላውን ለሽንኩርት አልመልሰውም። የእህቴ ልጆች ሲመጡ ቁም ሳጥን ላይ ትወጣለች። ከበረሃ ነቅላችሁም አታምጡ፤ ለበረሃው ደግ ሥራ አይደለም።

አሁን የሌሊቷን ንግሥት ላውጋችሁ። እሷን የሰጡኝ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ እናት ናቸው። ከድሮው ግቢያቸው ሲነሡ ዕቃውን ሁሉ ለዘመድ አከፋፍለው እሷን በፌስታል ይዘው የመጡ። አንዲት ጠፍጣፋ ረዥም «ቅጠል» ቆርጠው ሰጡኝ። ቅጠል ይባላል እንጂ ቅጠል አይደለም፣ ግንድ ነው፤ ተክሏ የቁልቋል ወገን ናት። ግን የበረሃ ቁልቋል ሳትሆን የጫካ፤ በሜክሲኮና በጓቲማላ ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ የምትኖር። «እትዬ፣ መቼ ታብባለች?» ብላቸው «አይ ልጄ፣ እሷ ስትፈልግ» አሉኝ።

ቁራጩን ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት አደረቅሁት፤ ቁስሉ ሳይደርቅ ከተተከለ ይበሰብሳል። ከዚያ ፑሚስ፣ ኮምፖስትና የተሰባበረ ከሰል ቀላቅዬ በጠባብ ማሰሮ ተከልኩት። ጠባብ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፤ ሰፊ ቦታ ካገኘች ግንድ ብቻ ነው የምታወጣው። ቀጥታ ፀሐይ ሲመታት ቢጫ ትሆናለች፤ ብርሃን ያለው ጥላ ይስማማታል። ሁለት ዓመት ተኩል ምንም የለም። በየቦታው የሚወናጨፍ፣ መጋረጃ የሚይዝ፣ አስቀያሚ ነገር ናት። ልጥላት ደርሼ ነበር።

የሚገርመው ለጽጌረዳዬ ጠላት የሆነው የኅዳር ብርድ ለሷ መድኃኒቷ መሆኑ ነው። በሦስተኛው ዓመት ከኅዳር እስከ ጥር ውጭ ትቼ፣ ውኃም ነፍጌ አሳለፍኳት። ሚያዝያ ላይ ከግንዱ ዳር ከተሰረጎደው ቦታ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ሦስት እምቡጦች ብቅ አሉ። ደስ ብሎኝ «ለሁሉም እንድትታይ» ብዬ ወደ ሳሎን አዛወርኳት፤ በሳምንቱ ሁለቱ ረገፉ። እምቡጥ የያዘችን የሌሊት ንግሥት ከቦታዋ አታንቀሳቅሷት፤ ፊቷንም አታዙሩት። የተረፈውን አንዱን እንደ ዕንቁላል ጠበቅሁት።

አንድ ወር ገደማ ቆየ። አንገቱ መጀመሪያ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ከዚያ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ወደ ላይ ይታጠፋል። ጫፉ ሲያብጥና ነጭ ሲገለጥ ማታውን እንደሚፈነዳ እወቁ። የዚያን ዕለት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። 2 ሰዓት ላይ ጫፉ ጣት የምታስገባ ያህል ተከፍቷል። 3 ሰዓት ተኩል ላይ በስልክ መብራት ሳየው ቅጠሎቹ በዓይኔ ፊት ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ሲላቀቁ የሚታይ እንጂ የሚሰማ ድምፅ የለውም፣ ግን ትንፋሼን ያዝኩ። 5 ሰዓት ላይ የምግብ ሳህን አከለ። ሽታው በደረጃው ወርዶ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤቴ በሩን ከፍቶ «ማነው ሽቶ የሰበረው?» አለ። እትዬን ልጠራቸው ወረድኩ፤ ነጠላቸውን ደርበው ቀስ ብለው ወጡ፣ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ሻማ ለኮስን። ብዙ አላወሩም። «የግቢያችንን ሽታ» አሉና ዝም አሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንደ እርጥብ መሐረብ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ በሌሊት ለሚበርሩ የእሳት እራቶች ነውና የሚከፈተው ቀን ምን ሊያደርግለት። ባለፈው ግንቦት አሥራ አንድ አበባ በሁለት ሌሊት ሰጠችኝ።

ኦርኪድን ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በስጦታ የሚገባው ሁሉ በሦስት ወር ውስጥ ሲሞት ስለማይ። ያቺ በየአበባ ቤቱ የምትሸጠው ፋላኖፕሲስ አፈር አትፈልግም። በእስያ ደን ዛፍ ላይ ነው የምትኖረው፤ አፈር ውስጥ ሥሯ ይታፈናል። የሃይላንድ ጠርሙስ ከግማሽ በላይ ቆርጬ፣ ጎንና ሥሩን በስቼ፣ በሻካራ ከሰልና በጥድ ቅርፊት ተክያታለሁ። ጠርሙሱ ስለሚያሳይ ሥሯን ማየት ይቻላል፦ አረንጓዴ ከሆነ ጠጥቷል፣ ብር ከመሰለ ጠምቶታል። የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ካለኝ እሱን ነው የምሰጣት። የቡና አተላ አታፍሱባት፤ ይሻግታል፣ ትንኝ ይጠራል። የአዲስ አበባ ቤት ደግሞ ለእሷ የታደለ ነው፤ አዲስ የአበባ ዘንግ እንድታወጣ የሚያነሣሣት ቀዝቀዝ ያለ አየር ነውና። አበባው ሲረግፍ የሞተች መስሏችሁ አትጣሏት።

ፍራንጂፓኒን ግን ተሸንፌያለሁ። አራት ዓመት ታግያለሁ፤ ዘጠኝ ወር ራቁቷን ቆማ ሦስት ወር ቅጠል አውጥታ ትመለሳለች። በመጨረሻ ለአዳማዋ እህቴ ሰጠኋት። በመጀመሪያው ዓመት አበበች። ፎቶ ስትልክልኝ መልስ ሳልሰጥ ሁለት ቀን ቆየሁ።

ተባይን በተመለከተ፣ በበጋ በቅጠል ብብት ውስጥ እንደ ጥጥ የሚሸሸግ ነጭ ነገር ካያችሁ አታመንቱ። ከፋርማሲ አልኮል ገዝታችሁ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ አንድ በአንድ ንኩት፤ በሳምንቱ ድገሙት፣ ዕንቁላሉ ይፈለፈላልና። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጡት ጥቃቅን ተባዮች) ከሆነ በቀጭኑ የተበጠበጠ የሳሙና ውኃ ይበቃዋል፤ ማታ ርጩ፣ ጠዋት አጥቡት። አዲስ ተክል ሲገባ ሦስት ሳምንት መታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ለብቻው ይቀመጣል። ይህን ሕግ አንዴ ጥሼ አምስቱንም ጽጌረዳ ሳጸዳ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

አምስቱ አሁን የማድ ቤቱ መስኮት ላይ ናቸው፤ አንዷ ፍሬ ይዛለች፣ ክር አስሬላታለሁ። የሌሊቷ ንግሥት ቁራጭ የሚጠይቁኝ ጎረቤቶችም በዝተዋል። ለሁሉም እሰጣለሁ፤ ግን በየካቲት ይምጡ። በሐምሌ የሚመጣን ቡና አጠጥቼ ነው የምሸኘው።